የአፖሎኒያ እጅጌ

ባሌቴ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1987

ለማድሪዷ እመቤት፣ ለሜርሊንዳ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ገለባበጥኩት፣ ለብርሃን ያዝኩት፣ ፖስታውን ሳይቀር አራገፍኩት፤ «ሎሎ፣ እንዴት ሰነበቱ?» የሚል ቃል አጣሁበት። አያቱን ሰላም ሳይል ስለ እጅጌ የሚጠይቅ ሰው ስፔን ውስጥ ጨዋ ይባል እንደሆነ አላውቅም። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ ጉልበቴ ያመኛል፣ የቀሩት ጥርሶቼ እርስ በርስ ተኳርፈዋል፣ ዶሮዎቼ ደህና ናቸው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የለም፣ ያን ያህል አላረጀሁም። ስፔኖች ከዚህ አገር ሲወጡ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ስለዚህ በእነሱ ጊዜ ሴቶቻችን እጅጌያቸውን በምን እንዳቆሙት አላየሁም። ደርሼ ባይ ኖሮም ዓይኔ እጅጌው ላይ አያርፍም ነበር።

የላክሽውን ፎቶግራፍ ግን ደጋግሜ አየሁት። ሴትዮዋ የወንበር መደገፊያ ይዛ ቆማለች። የለበሰችው ባሮ እጅጌ ከትከሻዋ ተነስቶ እንደ ሁለት ደወል ግራና ቀኝ ተነፍቷል፤ ጨርቁ ከመሳሳቱ የተነሳ ክንዷ ውስጡ ይታያል። ከሥሩ ሙዚየማችሁ «የፓናይ ደሴት ሴት» ብሎ ጽፎባታል። የገበያ ዓሣ እንኳ በስሙ ነው የሚጠራው። አፍንጫዋን ሳይ ሳቅ አመለጠኝ፤ ያንቺ አፍንጫ ነው። ሰርቀሻት ነው የሄድሽው።

ወደ ሟች አያትሽ ታላቅ እህት ይዤው ሄድኩ። ማናንግ ቴክላ መነጽሯን አደረገች፣ ፎቶግራፉን ሳመችው፣ ቀጥላ በማራገቢያዋ ጭንቅላቴን አለችኝ።

«አንተ ሜሌሲዮ! አያቴን ከየት ሰረቅካት?»

«ከማድሪድ ነው የመጣችው፣ ማናንግ። እዚያ ስሟ ጠፍቶባት ሜርሊ ናት ያገኘቻት።»

«አፖሎኒያ ትባላለች ብለህ ጻፍላቸው። ይሄን ባሮ ያገባች ሰሞን ነው ያሰፋችው።»

«ባሮውስ የት ደረሰ?»

እንደ ቀላል ነገር፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል በአገጯ እየጠቆመች፣ «እመቤታችን ለብሳዋለች» አለችኝ።

ይኸውልሽ። ማድሪድ አስረስታሽ እንደሆነ ላስታውስሽ፤ ከእንጨት የተቀረጸችው፣ ቁመቷ የልጅ የሚያህለው እመቤታችን፣ ከአፖሎኒያ ጊዜ ጀምሮ የምትለብሰው በዚያ ቤት ሴቶች እጅ ነው። በዓመት አንዴ፣ ኦክቶበር ላይ፣ ለበዓሏ ከመውጣቷ በፊት በሩ ይዘጋል። የዘሩ ሴቶች ብቻ ገብተው ያወልቁላታል፣ ያጥቡላታል፣ ያለብሷታል። ወንድ ከሆነ ቄሱም ደጅ ነው የሚጠብቀው። ይሄን እያወቅሁ፣ ላንቺ ስል፣ «ካባውን ትንሽ ገለጥ ቢያደርጉልኝ ምን ይላል?» አልኳት። ማራገቢያው የቀርከሃ ነው። እስካሁን ይጠዘጥዘኛል።

ላዘዝሽኝ ጨርቅ ክር እንዲሆን የአናናስ ቅጠሉን ግን መፋቅ ጀምሬያለሁ። የአያትሽን ነጭ ሳህን ሰብሬ ነው፤ ክሩን ሳይቆርጥ የሚያወጣው የሳህን ስባሪ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ነፍሷ ብታየኝ በሌላኛው ሳህን ትወረውረኝ ነበር።

ሰላም ያልሽው ያህል ሰላም ብያለሁ፤
ሎሎ ሜሌሲዮ

ማድሪድ፣ ማርች 1 ቀን 1987

ሎሎ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ጥርስዎ ታረቀ? ዶሮዎቹስ? እንግዲህ ጠየቅሁ። አሁን ይስሙኝ፤ እየቀለድኩ አይደለም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ቁጭ ካልኩበት ተነሳሁ። እኔ ከአንድ ዓመት በላይ በዚህች ከተማ የመጻሕፍት ቤት ሁሉ ስፈልገው የነበረው ባሮ በአያቴ እህት በሎላ ቴክላ መኝታ ቤት ጥግ ቆሟል ማለት ነው? በልጅነቴ ስንት ጊዜ አጠገቡ ተኝቻለሁ!

የፎቶግራፉን ልብስ ለሙዚየሙ እንደገና እንድሰፋ ለሙከራ የያዘችኝ የልብስ ክፍላችን ኃላፊ ሴኞራ አራንሳ ትናንት ሽቦ ይዛ መጣች። «የኔ ልጅ፣ የአናናስ ጨርቅ ከሸረሪት ድር የሳሳ ነው፤ ብቻውን አይቆምም። በመጋረጃ ጨርቅ እንሥራውና ሽቦ እናስገባበት። ማን ያውቃል?» አለችኝ። እኔ አውቃለሁ አልኳት። «ምን ታውቂያለሽ?» ስትለኝ አፌን ያዝኩ። ምን ልበላት? በሌላ ስስ ጨርቅ ብዙ የሙከራ እጅጌ ሰፍቻለሁ። ሸንሽኜ ሰፋሁት፣ ወደቀ። ሰብስቤ ሰፋሁት፣ ወደቀ። በሩዝ ውሃ ነክሬ አደረቅሁት፤ ቆመልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ክንዴን ባነሳ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰነጠቀ። አፖሎኒያ በዚያ እጅጌ ወንበር መያዟ፣ መብላቷ፣ ማማተቧ አይቀርም። በምን እንደቆመላት ግን አልገባኝም፤ አለመግባቱ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሴኞራ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ጊዜ ሰጥታኛለች። በእውነተኛው ጨርቅ፣ ያለ ሽቦ የቆመ ልብስ ካሳየኋት፣ አሠራሩንም ማስረዳት ከቻልኩ፣ በሰፊነት ትቀጥረኛለች። ካልሆነ ሽቦው ይገባል፤ እኔም ወደ መጣሁበት አስታማሚነት፣ ወደ ዶኛ ኮንሱዌሎ አልጋ እመለሳለሁ፤ ትራስ ማስተካከል፣ ሾርባ ማቅረብ፣ «አንቺ ልጅ» መባል። ጨርቁም ለአንድ ልብስ ብቻ ነው የሚበቃው። ሸማኔዋ ናይ ቢቢንግ ሌላ እንደማይሸምኑልኝ በግልጽ ነግረውኛል፤ ከእሳቸው በቀር የሚሸምን እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ።

ሎላ ቴክላን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። እጅጌው ከትከሻው ጋር የተገናኘበት ስፌት ምን ይመስላል? እርስዎ ማየት የለብዎትም፤ እሳቸው አይተው ይንገሩዎት። ደግሞ አደራዎን፣ አይቀልዱባቸው።

ሜርሊ

ባሌቴ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1987

ለአደራ ሰጪዬ፤

አልቀለድኩም። በመጀመሪያው ቀን ማለቴ ነው።

ጸጉሬን በውሃ አስተኝቼ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ፓፓያ ይዤ ሄድኩ። በትሕትና ጠየቅኋት። «ስፌቱን እኔ ምን አውቄው?» አለችኝ። «አለብሳለሁ፣ አወልቃለሁ። እንደ ልብስ ሰፊ ገልብጬ አላጠናም። አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የቄሱን ቀሚስ ገልበህ ነው እንዴ ስፌቱን የምታየው?»

እስኪ ፍረጂኝ፣ ልጄ። እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ላይ ተቀምጦ እንዴት ዝም እላለሁ? «የቀድሞውን ቄስ አይቼዋለሁ፣ ማናንግ፤ ቀሚሱ አጭር ነበር» አልኳት። ፓፓያውን አስቀርታ እኔን አስወጣችኝ።

በሌላ ቀን ጎረቤቴን ኔናን ላክኋት። ሴት ናት፣ ለሻማ መጥቻለሁ ትበልና ዓይኗን ጣል ታድርግ ብዬ ነው። ማናንግ ቴክላ «ጥሩ ሰዓት መጣሽ» ብላ ዓሣ ስታስጠርጋት ዋለች። ኔና ወደ ቤቷ ስትመለስ የመንደሩ ድመት ሁሉ ተከትሏታል። እጅጌ አላየችም። ከዚያ ወዲህ እኔንም አታየኝም፤ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

ናይ ቢቢንግ ዘንድም ሄጄ ነበር። ነፋስ ከገባ ክሩ ይበጠሳል ብላ በርና መስኮቷን ዘግታ፣ በሽመናው ዕቃ ላይ አጎበር ጥላ፣ ውስጡ ተቀምጣለች። ሙሽራ ነው የምትመስለው፤ የሰማንያ ዓመት ሙሽራ። ሰላም ልል በሩን ገፋ ባደርግ፣ «የከፈትከውን በር ዝጋ፤ ስትወጣ አፍህንም ይዘህ ውጣ» አለችኝ። ክሩን የምቋጥርላት እኔ፣ ቅጠሉን የምፍቅላት እኔ፣ ጣቶቼ እንደ ተጠበሰ ቋሊማ የተሰነጣጠቁት እኔ! በዚህ መንደር ሴቶች በር የማይዘጉበት ወንድ ብሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሌላ ነገር ሳደርግበት እገኝ ነበር።

ስለ ማናንግ ቴክላ ጤና አልጠየቅሽኝም። ደህና ናት። ከወትሮው ይልቅ መቀመጥ ታበዛለች እንጂ።

ሎሎሽ

ማድሪድ፣ ሜይ 20 ቀን 1987

ሎሎ፣

«መቀመጥ ታበዛለች»!

በአባቴ በኩል ያለችው የካሊቦዋ የአክስቴ ልጅ ጽፋልኛለች። ሎላ ቴክላ በስቅለት ዕለት ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። እርስዎ ከዚያ በኋላ ነው ያን ሁሉ ገጽ የጻፉልኝ። የዓሣው ድመት አለበት፣ የናይ ቢቢንግ አጎበር አለበት፣ የቄሱ ቀሚስ አለበት፤ የተሰበረው ዳሌ የለበትም። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ትከሻ ስፌት አስጨንቃቸዋለሁ፤ እሳቸው እዚያ መነሳት አቅቷቸዋል።

ሁልጊዜ እንዲህ ነዎት። አያቴ ሎላ ፑራ ሲታመሙም «ትንሽ ብርድ ነው» ብለው ነበር የጻፉልኝ፤ የብርዱን መጨረሻ ከሰው ሰማሁት። እኔ ከዚህ ሆኜ የደብዳቤዎን ሽፋን እንጂ ውስጡን ማመን አቃተኝ።

ይሄን የምጽፈው በንዴት ነው። ነገ ሲበርድልኝ ይቅርታ እጽፍ ይሆናል። ዛሬ ግን አልጽፍም።

ሜርሊንዳ

ባሌቴ፣ ጁላይ 5 ቀን 1987

ልጄ፤

ለፖስታ ቤቶች ምስጋና ይድረሳቸውና፣ የይቅርታ ደብዳቤሽ ቀድሞ ደረሰ። ምን እንዳጠፋሽ ሳላውቅ በደስታ ማርኩሽ፤ ከሳምንት በኋላ ስድቡ መጣልኝ። ምሕረቴን መልሼ ልወስድ አሰብኩና ለዕድሜዬ አይመጥንም ብዬ ተውኩት።

ልክ ነሽ። መጻፍ ነበረብኝ። በመርፌ የምትኖር ሴት እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው። ይሄ ሰበብ ይሆን አይሆን አንቺ ወስኚ፤ ሌላ የለኝም።

አሁን ያለውን ሳልሸፍን ልጻፍልሽ። ማናንግ ቴክላ በወንበር ላይ ናት፤ ስትወድቅ የተመታው ክንዷም ከጡቷ በላይ አይነሳም። እመቤታችንን ዘንድሮ ብቻዋን ማልበስ አትችልም። አያትሽ አፈር ገብታለች። እናትሽ ማኒላ ከበሮ የሚመታበት አዲሱ ጸሎት ቤት ከገባች ወዲህ እንጨት አላለብስም ብላለች፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ፣ ማናንግ እንዳትሰማ። ቄሱም ሰምተው መጡ። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «የዘሩ ሴት ካለቀች እመቤታችን ወደ እኛ ዕቃ ቤት ብትመጣ ይሻላል» አሏት። ዕቃ ቤቱን አይተሽዋል፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ አይጦቹ ከቄሱ ይወፍራሉ። ማናንግ ቄሱን እስከ በር ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ እኔን ጠራችኝ።

«የልጅህ ልጅ እጅጌውን ማየት ትፈልጋለች አይደል?»

«ከምግብ አብልጣ፣ ማናንግ።»

«እጅጌው አይታይም፣ ይወረሳል። ኦክቶበር ላይ ትምጣ። ከእኔ ጋር ትግባ። የፈለገችውን ትይ። ግን ገብታ የወጣች ሴት እስክትሞት ድረስ የእመቤታችን አልባሽ ናት፤ በየዓመቱ፣ የትም ትሁን የት። አይቼ ልሂድ ብሎ ነገር የለም።»

«ማድሪድ እኮ ሩቅ ነው።»

«ሰማይም ሩቅ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ዳሌዬ እየሄድኩበት ነው።»

እንግዲህ ይሄው ነው። ነይም ቅሪም አልልሽም። ሐሳብ አለኝ፤ ግን አልጽፈውም። ደግሞ ከጻፍኩት «አያቴ ወደ ቤት ሊጎትቱኝ ነው» ትያለሽ፣ ትክክልም ትሆኛለሽ።

ጨርቁ ከሽመናው ወርዷል። ማድሪድ ለሥራ ከምትሄድ ነርስ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ሻንጣዋ ውስጥ በሸሚዞቿ መካከል ጠቅልላዋለች። ናይ ቢቢንግ ስታስረክበኝ ፊቷን አዞረች። ለቀልድ «ምነው፣ ልጅሽን የዳርሽ ትመስያለሽ» ብላት አጎበሯ ውስጥ ተመልሳ ገባች። እኔም በሩን ዘግቼላት ወጣሁ።

ሎሎ

ማድሪድ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987

ሎሎ፣

እመጣለሁ።

ጨርቁን ስዘረጋው ሴኞራ አራንሳ እጇን በልብሷ ጠርጋ ነው የነካችው። ማንም ሲነካው ደስ አይለኝም፤ እርስዎ እንኳ ቢነኩት ደስ የሚለኝ አይመስለኝም። አካሉን ቆርጬ ሰፍቻለሁ። በሕይወቴ እንዲህ የደከምኩበት ነገር የለም። መርፌው ሲያልፍ ድምፅ የለውም። ሁለቱን እጅጌዎች ግን በሰፊ ስፌት ብቻ ነው ያያዝኳቸው፤ የአፖሎኒያን ካየሁ በኋላ ፈትቼ እንደሷ እመልሳቸዋለሁ። ለዚህ ነው ልብሱን ይዤ የምመጣው። ሴኞራ ከሙዚየሙ እንዲወጣ የፈቀደችልኝ አስምላ ነው፤ ልብሱ በኖቬምበር አጋማሽ ጠረጴዛዋ ላይ ካልተገኘ ሽቦው ይገባል፣ እኔም ወደ ዶኛ ኮንሱዌሎ ሾርባ።

በየዓመቱ መምጣቱን አስቤበታለሁ። አዎ፣ ተናድጄም አስቤበታለሁ። አንድ ስፌት ለማየት ዕድሜ ልክ ማሰር ምን ማለት ነው? ግን ያለ ስፌቱ ልብሱ የለም፤ ያለ ልብሱ እኔ እዚህ ማንም አይደለሁም። ሰፊ ከሆንኩ ለመመላለሻው አላንስም ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

አሳማ አያርዱ። ለመንደሩ ሁሉ አይንገሩ። ኔናንም ይቅርታ ይጠይቋት።

ሜርሊ

ባሌቴ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1987

ለጨለመችብኝ ልጅ፤

አሳማውን አርጄ፣ ለመንደሩ ሁሉ ነግሬ ስለጠበቅሁሽ ይሆን የተቀየምሽኝ? ኔናን እኮ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ጎኔን በቅልጥም መታችኝና ታረቅን።

ከሄድሽ ጀምሮ እያሰላሰልኩ ነው። ወንበሯን ተሸክመን ማናንግን በሩ ድረስ ያደረስናት እኛ ወንዶቹ ነን። ከዚያ ተባረርን። ደረጃው ላይ ከእመቤታችን ተሸካሚዎች ጋር የዘንባባ ጠጃችንን፣ ቱባውን፣ እየጠጣን ተቀመጥን። እነሱ ስለ ዶሮ ውጊያ ያወራሉ፤ የእኔ ጆሮ ሳንቃው ላይ ነው። መስማት ወንጀል አይደለም፤ ሳንቃውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስንጥቁን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ጸሎት ሰማሁ። ከዚያ ያንቺ ድምፅ፤ «የታለ? ሎላ፣ የታለ?» አልሽ፣ ሰው እንደሞተበት። ማናንግ ምን እንደመለሰችልሽ አልሰማሁም። ትንሽ ቆይቶ ስትስቅ ሰማኋት፤ «የሱፍ ካፖርት? በዚህ ሙቀት?» አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ብዙ ተናገረች። አንቺ «እሱን አይደለም፣ እሱን አይሆንም» አልሽ። ከተሸካሚዎቹም ቱባውን እንኳ የሚያነሳ ጠፋ።

ቀጥሎ መቀስ ሰማሁ። የአናናስ ጨርቅ ሲቆረጥ አይጮህም፤ ወረቀት በወረቀት ላይ ሲንሸራተት ዓይነት ነው። እኔ ግን ከቅጠሉ ጀምሬ የማውቀው ክር ነውና አወቅሁት። ጉልበቴ ላይ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

እመቤታችን ስትወጣ ሰዉ አጨበጨበ። ከካባዋ ሥር አዲስ እጅጌ ይታያል፤ ሳስቶ፣ ተነፍቶ። ግን የመንደሩ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ሌላ ነው፤ «ዘንድሮ እመቤታችን ወፍራለች» ይላሉ። እውነትም ትከሻዋ ወደ ላይ ሞልቶ አንገቷ የገባ ይመስል ነበር። ተጠግቼ ልይ ብል ማናንግ ከወንበሯ ሆና በጥፍሯ ክንዴን ያዘችኝ።

ከዚያ አንቺ ሄድሽ። ሻንጣሽን ጂፑ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ስትመጪ እየተጠነቀቅሽ ያወረድሽውን ሻንጣ አሁን እንደ ተራ ዕቃ ተውሽልኝ። ጠየቅሁሽ፤ «ሎሎ፣ አሁን አይጠይቁኝ» አልሽኝ። ማናንግን ጠየቅኋት፤ «ወንድ ነህ» አለችኝ። ይሄንን እንኳ አውቀው ነበር።

ስንት ወር ቅጠል ፍቄ፣ በማራገቢያ ተመትቼ፣ ተባርሬ፣ መጨረሻ ላይ የቀረልኝ የመቀስ ድምፅ ነው? ልብሱ ምን ሆነ? ሴኞራሽስ ምን አለች? ቀልድ አላሰብኩም። ጻፊልኝ ብቻ።

ሎሎሽ

ማድሪድ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1987

ሎሎ፣

እንደምን ከረሙ? በዝምታዬ ስላስጨነቅሁዎት ይቅር ይበሉኝ። ከካባው ሥር ያለውን ለወንድ አልነግርም፤ ቃል ገብቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ሎላ ቴክላ ፈቅደውልኛል፤ «ለዚያ ጆሮ ጠቢ ንገሪውና ይረፍ» ብለዋል።

የአፖሎኒያ ባሮ አለ። እጅጌው ግን ትከሻው ላይ ተቆርጧል። የቀረው የእጅ አንጓው በኩል ያለው ቁራጭ ነው፤ እሱ የልጅ ቁመት ባላት እመቤታችን ክንድ ላይ ልክ ይመጣል። እጅጌው የቆመበት ያ ስፌት፣ እኔ ዓመት ሙሉ የፈለግሁት፣ በመቀስ ተነስቶ ተጥሏል። ያን ጊዜ ነው «የታለ?» ያልኩት።

ማን እንዲህ አደረገ ብዬ ጮህኩ። ሎላ ቴክላ ምንም አልመሰላቸውም። «እሷው ናት፤ ገብታ የወጣች ሁሉ የራሷን ምርጥ ልብስ ትሰጣለች፣ በራሷም እጅ ለእመቤታችን ልክ ትቆርጠዋለች» አሉኝ። ለካ የአፖሎኒያ ብቻ አይደለም፤ ከእመቤታችን እግር ሥር አንድ ሳጥን አለ። የልጇ አለ፣ የሎላ ቴክላ አለ፣ የሎላ ፑራም አለ። ሁሉም ሲሰፋ ውብ የነበረ፣ ሁሉም ከትከሻው የተቆረጠ። የደሴታችን ሴቶች ጥሩ ልብስ የት ገባ እያልኩ በየአገሩ የጻፍኩት እዚያ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ አንዱም ሙሉ አይደለም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንቺስ የታል?» አሉኝ። የሱፍ ካፖርቴን ሰጠኋቸው፤ ሳቁብኝ። የሐር ቀሚሴን አወጣሁ። «እንቅልፍ ያጣሽበት ይሄ ነው?» አሉኝ። መዋሸት እችል ነበር። መውጣትም እችል ነበር፤ በሩ ከውስጥ ነው የተቆለፈው፣ ቁልፉም እኔ አጠገብ ነበር። ሳልምል ብወጣ ልብሴ ሙሉ ሆኖ ሴኞራ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤ የእነዚያ ሁሉ ሴቶች ቁራጭ ደግሞ ቄሱ ዕቃ ቤት አይጥ ይበላዋል። ሎሎ፣ ለጌጥ ብዬ አይደለም የምነግርዎት፤ ሁለቱንም ጠላሁ። አፖሎኒያንም ጠላኋት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የረገምኩትን መቀስ ሎላ ቴክላ እጄ ላይ አስቀመጡት።

ሴኞራ አራንሳ አልጮኸችም። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ቀዳችልኝ፣ ከዚያ ሽቦውን ከመሳቢያዋ አወጣች። አሁን በመስታወት ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ ለብሶ የቆመ አሻንጉሊት አለ። ከሥሩ ቢያንስ «አፖሎኒያ» ብላችሁ ጻፉ ብዬ ለመንኋት። ማስረጃ ጠየቀችኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ተርጉሜ አነበብኩላት፤ ስለ ማራገቢያው ስትሰማ ከልቧ ሳቀች፣ ግን አልተጻፈም። ይሄን የምጽፈው ዶኛ ኮንሱዌሎ ተኝተው ሳሉ ነው። ሾርባው ምድጃ ላይ ነው። ኦክቶበር ላይ እንዴት እንደምመጣ አላውቅም፤ መምጣቴን ግን አውቃለሁ።

እመቤታችን ለምን እንደወፈረች ደግሞ ልንገርዎት፤ ይሄኛው የእኔ ልብስ ስለሆነ የእኔ ነገር ነው። እጅጌዬን እዚያው ተቀምጬ በራሴ ግምት ሰፋሁት። የአፖሎኒያ ባሮ ላይ፣ ትከሻው በነበረበት ጠርዝ፣ የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች ቀርተው ነበር፤ እነሱን ተከተልኩ። ያለ ሽቦ ቆመ። እሷ እንዳቆመችው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ምናልባት መቼም አላውቅም። ሎላ ቴክላ «ከዚህ ቁረጪ» ብለው ትከሻውን በጣታቸው አሳዩኝ። እምቢ አልኳቸው። ተጣላን። በመጨረሻ ከእጅ አንጓው በኩል ቆረጥኩት። የልብሱን ጎን አልነካሁም፣ አጥፌ ብቻ ሰፋሁት። ስለዚህ ትልቁ ትከሻ ከነስፌቱ እትንሿ ትከሻዋ ላይ ተከምሮ ቀረ፤ ካባው በግድ ነው የሸፈነው። ሎላ ቴክላ «እመቤታችንን ጎባጣ አደረግሽብኝ» እያሉ እስከ ዛሬ በአክስቴ ልጅ በኩል ይወቅሱኛል።

ይውቀሱኝ። ከእኔ በኋላ በሩን ዘግታ የምትገባዋ ካባውን ስታወልቅ ትከሻውን ታገኘዋለች። ስፌቱን ትፈታዋለች፣ ትቆጥረዋለች፣ ስህተት ሆኖ ካገኘችው «ይቺ ምን ነክቷት ነው?» ትበል። የምትሰድበው ነገር በእጇ ይኖራታል።

ሜርሊንዳ